ለጋሽ ላቀው መጥረቢያ የሠራሁት የእንጨት ልብስ

በዚያ ዘመን ከጦር ኃይሎች እስከ ቀራንዮ መድኃኔዓለም ድረስ እንደኔ ያለ አናጢ አልነበረም። ይህን የምለው ጉራ ለመንዛት አይደለም፤ ጉራ የምነዛበት ቀን ሌላ ነው። እኔ መጋዝ ሳነሳ ግንዱ ራሱ "በየት በኩል ልሰንጠቅልህ?" ብሎ ይጠይቀኛል ይባል ነበር። ይባል ነበር ያልኩት፣ ባዩ እኔው ስለሆንኩ ነው።

ማስረጃ ለሚፈልግ ሰው የማሳየው አንድ የመቀመጫ ዱካ ነበረኝ፤ በገዛ እጄ ከዝግባ የሠራሁት። ባለ ሦስት እግር ነው። ስጀምረው ባለ አራት እግር ነበር።

ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው እንግዲህ። ኮልፌ አጠና ተራ አጠገብ ባለች አንዲት የቆርቆሮ ቤት ውስጥ፣ ጋሽ ሰይፉ የሚባሉ ዝምተኛ አናጢ ዘንድ ሙያ እማር ነበር። ዝምተኛ የምላቸው በሳምንት አንዴ ስለሚናገሩ ነው፤ የሚናገሩትም ስለኔ ነው። "ታደለ፣ ምላስህ መላጊያ ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ ሳንቃ እስከ ምሳ ትጨርሰው ነበር" ይሉኛል። ሌላ አይሉም። እኔ ግን በአንድ ጆሮዬ ሰምቼ፣ በሌላው ሳላስወጣው በፊት ለጎረቤት አወራው ነበር።

በዚያ ሰሞን ወንድማቸው አርፎ ወደ ሰላሌ ሄዱ። ሲሄዱ የእንጨት መጋዘኑን ቁልፍ ኪሳቸው ከተው፣ "የሚጠገን ከመጣ ተቀበል። አዲስ ሥራ ግን እንዳትጀምር" አሉኝ።

"እሺ" አልኳቸው። አዲስ ሥራ የጀመርኩት በማግሥቱ ነው።

በማግሥቱ፣ ሐሙስ ዕለት፣ ጋሽ ላቀው መጡ። ጋሽ ላቀው እንጨት ፈላጭ ናቸው። ከጎጃም በወጣትነታቸው ወጥተው እዚሁ ኮልፌ የከተሙ፣ ዕድሜያቸው ስልሳን ያለፈ፣ ቀጭን ግን እንደ ወይራ ያሉ ሰው። ጦር ኃይሎች አካባቢ አንድ ዳቦ ቤት ነበር፤ የምድጃውን እንጨት ጠዋት ጠዋት የሚፈልጡት እሳቸው ናቸው። መጥረቢያቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው አውቶብስ ይሳፈራሉ። ታዲያ በዚያ ሳምንት አውቶብሱ ሲያንገጫግጭ ስለቱ የአንዱን መንገደኛ ኮት ከትከሻ እስከ ክርን ሸነተረው። ሰውየው አልተነካም፤ ኮቱ ግን እንደ ዓሣ ተከፈተ። ትኬት ቆራጩ፣ "አባት፣ ይህ መጥረቢያ ካልተሸፈነ ሁለተኛ እንዳይሳፈሩ" ብሎ አወረዳቸው። ከዚያ ወዲህ በእግራቸው እየሄዱ ሁለት ጠዋት አረፈዱ። የዳቦ ቤቱ ባለቤት ደግሞ ለሦስተኛ ጊዜ ካረፈዱ ሌላ ፈላጭ እንደሚፈልግ ነግሯቸዋል። ሊጥ ሰው አይጠብቅም።

"ሰይፉ የለም እንዴ?" አሉ በሩ ላይ ቆመው።

"ለቅሶ ሄደዋል። እኔ አለሁ።"

"አንተማ መኖርህን ከፌርማታው ጀምሮ እየሰማሁ ነው የመጣሁት።"

"ምን ላድርግልዎ ጋሽ ላቀው?"

መጥረቢያውን ከትከሻቸው አውርደው ስለቱን በአውራ ጣታቸው ዳበስ አደረጉት። "ለዚች ልብስ ፈልጌ ነበር። የእንጨት። ስፈልግ የምታወልቀው፣ ስፈልግ የምትለብሰው። ሌላ ጌጥ የለ፣ ምን የለ። ሰይፉ እስኪመጣ ብቆይ ይሻለኝ ይሆን?"

"ለዚህ ጋሽ ሰይፉን መጠበቅ ማለት እኮ ለአንድ ቁንጫ ጦር ማዝመት ነው። ነገ ከሰዓት ይውሰዱት።"

"በደረቅ እንጨት ነው የምትሠራው?"

"ባይደርቅ እንኳ እኔን ሲያይ ይደርቃል።"

አልሳቁም። መጥረቢያውን እንደ ሕፃን በሁለት እጃቸው አቀበሉኝና ሄዱ።

ሥራው ራሱ ቀላል ነው፤ ማንም ሊሠራው ይችላል፤ እኔ ብቻ ነኝ ያልቻልኩት። ከስለቱ ትንሽ የሚረዝም ድብልብል እንጨት ትቆርጣለህ። አንድ ጎኑን በመጋዝ ትሰነጥቀዋለህ፤ ጫፍና ጫፉን ግን አትነካም። ስንጥቁን በመሮ እያጸዳህ፣ ስለቱን እየከተትክ፣ እያወጣህ፣ ልኩን ታገኛለህ። ይኸው ነው። ደረቁ እንጨት መጋዘን ተቆልፎበታል። እኔ ደግሞ ከደጅ የወደቀ የባሕር ዛፍ ቁራጭ አነሳሁ፤ ከአጠና ተራ ገና ትናንት የመጣ፣ ሲቆርጡት ውሃ የሚያለቅስ። መሮውን ይዤ ስንጥቁን እያጸዳሁ ሳለ አንድ የማውቀው ሰው በደጅ አለፈ። ጅብ በባዶ እጄ ገደልኩ የሚል ወሬ ጀምሬለት ነበር መሰለኝ፣ ወሬው ሲያልቅ ስንጥቁም አልቋል። ስለቱን ብከትተው፣ ቅል ውስጥ እንዳለ ፍሬ ይንኳኳል።

ሌላ እንጨት መቁረጥ ነበረብኝ። ያኔ ግን ጥፋትን ከማረም መሸፈን ይቀለኝ ነበር። የሚወተፍ ነገር ፈለግኩ። ቆዳ የለም፤ ጨርቅም የለም። ጥግ ላይ ግን አንድ የጽሕፈት ጠረጴዛ ቆሟል። አንድ መነጽር ያደረገ ሰው፣ መምህር ሳይሆን አይቀርም፣ እግሩ እንዲጠገን አምጥቶት ከወር በላይ ሳይመለስ ቀርቷል። መሳቢያውን ሳብኩት። ከወደ ኋላ፣ አራት ላይ የታጠፉ ሁለት ወረቀቶች ነበሩ። በሰማያዊ ቀለም ተባዝተው፣ ፊደሉ ጥቅጥቅ ብሎባቸዋል። አላነበብኳቸውም። እኔ ያኔ አንባቢ ሰው አልነበርኩም፤ ተናጋሪ ነኝ። በኮላ ለቅልቄ በግራና በቀኝ ወተፍኳቸውና መጥረቢያውን ከተትኩት። ልክክ አለ።

ከዚያ በውጭ በኩል ስሜን በመሮ ቀረጽኩበት፦ "ታደለ ሠራው"። ፊደሉን ትልቅ አደረግኩት፤ አውቶብስ ውስጥ ከኋላ የተቀመጠ ሰውም እንዲያነበው ብዬ ነው።

ዓርብ ከሰዓት ጋሽ ላቀው መጥተው ወሰዱት። ከዓርብ እስከ እሑድ የዳቦ ቤቱ ምድጃ ይጠገን ስለነበር ሥራ የለም። እንደ ልማዳቸው ከቤታቸው ምድጃ በላይ ሰቀሉት። እንጨቱ ሁለት ቀን ሙሉ ጭስና ሙቀት እየጠጣ ተኮማተረ፤ ኮላውም እንደ ድንጋይ ደረቀ።

ሰኞ ጠዋት ፌርማታው ላይ ቀድሜ ተገኘሁ። ምን ልሠራ? ሥራዬ አውቶብስ ሲሳፈር ለማየት ነዋ። ጋሽ ላቀው ሲመጡ መጥረቢያውን ተቀብያቸው ለተሰለፈው ሁሉ አሳየሁ። ስሜን በጣቴ እያስነበብኩ፣ "የኔ ሥራ ነው" አልኩ። ለሴት፣ ለወንድ፣ ላልጠየቀኝም ሰው። መቶ ጊዜ ሳልለው አልቀርም። ጋሽ ላቀው ራቅ ብለው ቆመው፣ "እባክህ እንዳታደክማት፣ ገና ሥራ አላት" ይሉኛል።

አውቶብሱ ከመምጣቱ በፊት አብዮት ጥበቃዎች መጡ። አሰሳ የበዛበት ወቅት ነው፤ ሰልፍ ካዩ መፈተሽ ነው። ወደኛ የመጣው ዘውዱ ነበር። የሰፈሬ ልጅ ነው፤ የጨርቅ ኳስ አብረን ተጫውተናል። ጠመንጃ ከያዘ ወዲህ ግን ጥርሱን አይቼው አላውቅም።

"ምንድነው እሱ?"

"መጥረቢያ።"

"የታለ መጥረቢያው?"

"ውስጥ ነው ያለው። ለብሶ።"

"ክፈተው።"

ሳብኩት። እንደገና ሳብኩት። እግሬን አንተርሼ ሳብኩት። ዘውዱ ነጥቆኝ እሱም ሳበ፤ ጉልበቱ መሀል አድርጎ ሳበ፤ አገላብጦ ወደ ፀሐይ አንስቶ አየው። ነቀነቀው፤ አይንኳኳም። ሰልፉ ላይ የነበረው ሰው ሁሉ አንድ አንድ እርምጃ ራቀን። ልብ በሉ፣ ማንም የሸሸ የለም፤ መሬቱ ራሱ ያንሸራተታቸው ነው የሚመስለው።

"የማን ነው?" አለ ዘውዱ።

በዚህች ቅጽበት ነው ወረቀቶቹ ትዝ ያሉኝ። ሰማያዊው ቀለም፣ ጥቅጥቅ ያለው ፊደል፣ ያልተመለሰው ሰውዬ።

ያን ዘመን የኖረ ያውቀዋል። ያልኖረ ደግሞ እንዲህ ይረዳኝ፦ ሰው ሽንኩርት ሲገዛ የተጠቀለለበትን ወረቀት አንብቦ ነበር ወደ ቤቱ የሚገባው። በሰማያዊ የተባዛ ወረቀት ከተገኘብህ፣ ምን እንደሚል የምታስረዳበት ጊዜ ላይሰጥህ ይችላል። ያ ወረቀት የተማሪ ፈተና ሊሆን ይችላል። የመዝሙር ግጥምም ሊሆን ይችላል። ሌላ፣ የተከለከለ ጽሑፍም ሊሆን ይችላል። እኔ አላነበብኩትማ።

"የማን ነው ነው የምልህ" አለ ዘውዱ።

ያን ሁሉ ጊዜ የኔ ነው፣ የኔ ነው ያልኩት ሰውዬ፣ "የሳቸው ነው" አልኩ።

"የኔ ነው ልጄ" አሉ ጋሽ ላቀው፣ ቀረብ ብለው።

ሁለታችንንም ወደ ቀበሌ ወሰዱን። ሊቀመንበሩ ካኪ የለበሰ፣ ደረት ኪሱ ውስጥ ሦስት እስክሪብቶ የደረደረ ሰው ነው። መጥረቢያውን ጠረጴዛው ላይ አስተኝቶ ብዙ አየው።

"ታደለ ማነው?"

"እኔ ነኝ ጓድ ሊቀመንበር።"

"የማይከፈት ልብስ ለመጥረቢያ ምን ያደርግለታል?"

እንዲህ ያለ ጥያቄ ጋሽ ሰይፉም ጠይቀውኝ አያውቁም።

"ውስጡ ምን አለ?"

"ስለት ነው ያለው ጌታዬ" አሉ ጋሽ ላቀው። "የባሕር ዛፍ እርጥብ ነው። ከምድጃ በላይ ሰቅዬው ጨበጣት። ኮላም ሳይነካው አልቀረም።"

"እንሰንጥቀው" አለ ዘውዱ። "ሌላ መጥረቢያ ከኅብረት ሱቁ ላምጣና አንዴ ላሳርፍበት።"

ከተሰነጠቀ ወረቀቶቹ እንደደረቁ ተዘርግተው ይነበባሉ። ጋሽ ላቀው ግን በቀስታ፣ ላም እንደሚያባብል ሰው፣ እንዲህ አሉ፦ "እንዳልክ ልጄ። ግን ብረት በብረት ከመታህ ስለቷ ይሸረፋል። እኔ ሌላ የምበላበት የለኝም። ውሃ ውስጥ ብትነክሯት እንጨቱ ያብጣል፣ ኮላው ይሟሟል፣ ራሷ ትወጣለች። እኔ አልቸኩልም፤ እዚሁ እቀመጣለሁ።"

ሊቀመንበሩ የእስክሪብቶዎቹን ራስ አንድ በአንድ ነካካ። "እስከ ዘጠኝ ሰዓት። ካልወጣ ይሰነጠቃል።"

ከጓሮ የቆርቆሮ ባኞ መጣ። ውሃ ተሞላ፣ መጥረቢያው ከነልብሱ ተነከረ፣ ግቢው መሀል ፀሐይ ላይ ተቀመጠ። ጊዜው ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነው። እኔና ጋሽ ላቀው ግንቡ ሥር፣ ዘውዱ በርጩማ ላይ ጠመንጃውን አቅፎ። ከኛ ማዶ የኅብረት ሱቅ ሰልፍ ነበር፤ ስኳር መጥቷል። ሰልፈኛው ሌላ የሚያየው ስለሌለው ባኞውን ያያል።

"ምን እያደረጉ ነው?" አለች አንዷ።

"መጥረቢያ እያጠቡ ነው።"

"ክርስትና ሊያነሱት ይሆናል።"

"ዝም በይ፣ እሱም ተጠርጥሮ ነው።"

በሌላ ቀን ቢሆን ከዚህ ውስጥ የሁለት ወር ወሬ እሰበስብ ነበር። ያን ቀን ግን የማየው ውሃውን ብቻ ነው። መጀመሪያ አረፋ ወጣ፤ ትንንሽ፣ ከስንጥቁ፣ እንጨቱ እንደሚተነፍስ። እኔ በልቤ እቆጥራለሁ፦ ወረቀቱ ከተገኘ ባለመጥረቢያው እሳቸው ናቸው። እኔ ካልተናገርኩ ማንም አያውቅም። ከተናገርኩ ደግሞ፣ እናቴ አንድ ልጅ ነው ያላት።

አምስት ሰዓት ገደማ ሊቀመንበሩ ወጣ ብሎ ባኞውን አየ። "እህስ?"

ተነሣሁ። መነሣቴን አስታውሳለሁ፤ ልናገር ነበር የተነሣሁት። "ጓድ ሊቀመንበር፣ አንድ ነገር ልናገር።"

"ተናገር።"

ሰልፉ ወደኔ ዞረ። ዘውዱም ቀና አለ። አፌን ከፈትኩ፣ የወጣው ግን ይህ ነው፦ "ጨው ጣል ቢደረግበት ቶሎ አይበስልም?"

ሰልፉ በሳቅ ፈረሰ። ዘውዱ ጥርሱን አሳየኝ፤ ያን ጊዜ ነው ያየሁት። ሊቀመንበሩ እንኳ አፍንጫውን ዳሰስ አድርጎ ገባ። እኔ ተመልሼ ተቀመጥኩ። ሰው ያስቃል ብለው ሲያደንቁኝ ዛሬም ያቺ ሳቅ ጆሮዬ ውስጥ ትመጣለች።

ቀትር ላይ ወደ ጋሽ ላቀው ተጠጋሁ። "ጋሽ ላቀው፣ እዚያ ውስጥ ..."

"ፀሐይ ሙቅ" አሉኝ፣ ሳያዩኝ። "ዛሬ ደህና ፀሐይ ነው።"

"አይ፣ እኔ ማለቴ ..."

"ታደለ፣ ፀሐይ ሙቅ።"

ያን ቃላቸውን እንደ ፈቃድ ቆጠርኩት። ሰው የሚፈልገውን ፈቃድ ከየትም ያገኛል።

ከዚያ ወዲያ እየተነሡ ባኞው ዘንድ ይሄዱ ጀመር። የጋቢያቸውን ጫፍ ወደ ትከሻቸው መልሰው፣ እጃቸውን እስከ ክርናቸው ውሃ ውስጥ ይከቱና ስንጥቁን በጣታቸው ይዳብሳሉ። ይቆያሉ። ዘውዱ "ምን ይሠራሉ?" ሲላቸው፣ "ትለቅ እንደሆነ እያየሁ ነው" ይሉታል። ሦስቴ ሄዱ፤ አራቴም ይሆናል። ውሃው ደፈረሰ። እኔ የኮላው ነው ብዬ አሰብኩ።

ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ሲል ሊቀመንበሩ ወጣ። ጋሽ ላቀው እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ በአንድ እጃቸው እንጨቱን በሌላው ዛቢያውን ይዘው፣ ቀስ አድርገው ሳቡት። መጥረቢያው ወጣ። ስለቱ በፀሐይ ብልጭ አለ፣ ሰልፈኛውም "እፎይ" አለ፤ ከታሳሪዎቹ አንዱ የተፈታ ይመስል።

ሊቀመንበሩ ልብሱን ተቀብሎ ወደ ስንጥቁ አጮለቀ። በአንዱ እስክሪብቶ ጫረው። ግራጫ ቡኮ የመሰለ ነገር ወጣ። መዳፉ ላይ አሸት አሸት አደረገው። አንዲት ፊደል አልነበረባትም። መዳፉ ላይ ግን ትንሽ ሰማያዊ ቀረ።

"ይህ ምንድነው?"

"ወረቀት ነው" አሉ ጋሽ ላቀው። "ልብሱ ሰፍቶ ሲንኳኳብኝ የወተፍኩበት እኔ ነኝ።"

"የምን ወረቀት?"

"እኔ ምን አውቄ። ማንበብ አልችልም። ከመንገድ አነሣሁ።"

ሊቀመንበሩ ወደኔ ዞረ። "የሠራኸው አንተ ነህ። ስትሠራው ወረቀት ነበረበት?"

ጥያቄው ይህ ነው። ያን ቀን ሙሉ ስጠብቀው የነበረው፣ ከዚህ በላይ ግልጽ ሊሆን የማይችል። ጋሽ ላቀው ባኞውን እያዩ ነበር።

"አላየሁም" አልኩ።

ሊቀመንበሩ መዳፉን በሱሪው ጠረገ። "ሰውየው ይቆያል። አንተ ሂድ። መጥረቢያውን ይዘህ ሂድ፤ ሰው ባለበት ግቢ መጥረቢያ አይቀመጥም። ስንፈልግህ ታመጣዋለህ።"

መጥረቢያው ነፃ ወጣ፣ ባለቤቱ ቀረ። እኔም ያለ ልብስ፣ ስለቱ እንደተገለጠ፣ ትከሻዬ ላይ አድርጌ ኮልፌን አቋርጬ ተመለስኩ። አንድም ሰው አላስቆመኝም።

ቀጥሎ የመጡትን ቀናት ባወራ ደስ ይለኝ ነበር፤ የሚወራ ግን የላቸውም። ሰው ወደዚያ ግቢ ይገባል፤ አንዳንዱ በማግሥቱ ይወጣል፣ አንዳንዱ የት እንደተወሰደ አይታወቅም። የጋሽ ላቀው ባለቤት ጠዋት ጠዋት ሳህን በጨርቅ ቋጥረው በሥራ ቤታችን ደጅ ሲያልፉ አያለሁ። ሳህኑ ተመልሶ ባዶውን ከመጣ በልተዋል ማለት ነው፤ በልተዋል ማለት አሉ ማለት ነው። ሲመለሱ ሳህኑን ነበር የማየው። ፊታቸውን አላየሁም።

መቀመጥ አልቻልኩም። ዱካዬን አነሣሁ፣ ባለ ሦስት እግሩን። ዝግባው ከዓመት በላይ የደረቀ ነው። መቀመጫውን ገነጠልኩትና ቆረጥኩት። ስንጥቁን በቀጭኑ መጋዝ ከፈትኩት። ስለቱን እያስገባሁ፣ እያወጣሁ፣ የነካካበትን ቦታ ብቻ በመሮ እየላግኩ ሠራሁ። ሰው በደጅ ሲያልፍ ቀና አላልኩም። "ታደለን ምላሱን አመመው" ይባል ጀመር። ሦስት ቀን ፈጀብኝ፤ ፊተኛው አንድ ከሰዓት ብቻ ነበር የፈጀው። ሲያልቅ ስለቱ በራሱ ክብደት ይገባል፤ ገልብጠህ ብትይዘው አይወድቅም፤ በአንድ ጣት ብትገፋው ይወጣል። ስሜን አልቀረጽኩበትም።

በአራተኛው ቀን ዘውዱ መጣ።

"መጥረቢያውን አምጣ።"

"ለምን?" አልኩ። ድምፄ የሌላ ሰው ነበር።

"ነገ ስብሰባ አለ። ለእንግዳ ምግብ ይበስላል፣ የሚፈልጥ የለም። ሽማግሌው ይፍለጡ ተብሏል።"

ሰጠሁት። በአውራ ጣቱ ገፋ አደረገው፣ ወጣ። መለሰው፣ ገባ። እንደ ልጅነታችን ጊዜ ሦስት አራት ጊዜ ተጫወተበት። "ይኸኛውስ ይከፈታል" አለና ሄደ።

ጋሽ ላቀው ያን ቀንና የማግሥቱን ጠዋት ፈለጡ። የፈለጡት ክምር ከቀበሌው አጥር በላይ ታይቶ ነበር ስል አሁን አላጋነንኩም። እንግዶቹ በልተው ሲሄዱ ሊቀመንበሩ፣ "እርስዎ ገና አሉ እንዴ? ይሂዱ" አላቸው። በዚህች ቃል ወጡ።

ከሰዓት በኋላ በቀጥታ ወደኔ መጡ። መጥረቢያው ትከሻቸው ላይ ነው፣ ልብሱን ለብሶ። በሩ ላይ ቆሙ፣ እንደ መጀመሪያው ቀን።

"ይቺን ሰይፉ ነው የሠራት?"

"እኔ ነኝ።"

"አንተ?" አወለቁት፣ መለሱት። "ዱካህስ?"

"እሱ ነው።"

ራሳቸውን ነቀነቁ። ዳቦ ቤቱ ሌላ ፈላጭ እንደቀጠረ ነገሩኝ፤ ከዚህ በኋላ እዚሁ ሰፈር ቤት ለቤት እንደሚፈልጡ ነገሩኝ። ስሞታ አልነበረም። ከዚያ ወደ ውጭ፣ ወደ ግንዲላው ክምር እያዩ እንዲህ አሉ፦

"ዘውዱ ፌርማታው ላይ ሲያገላብጣት ጫፏን አየኋት። ብቅ ብላ ነበር። ሰማያዊ ነች።" ጣታቸውን ገልበጥ አድርገው አዩ። "ማንበብ አልችልም። ግን በዚህ ዘመን ወረቀት ሁሉ የሚለው አንድ ነገር ነው። ፍቄ ሳላቅቃት ጣቴ ቆስሏል፤ ኮላህ ጥሩ ኮላ ነው።"

ለስለቱ አልነበረም ውሃ የጠየቁት። ቀኑን ሙሉ ባኞው ውስጥ ሲዳብሱ የነበረው መጥረቢያውን አልነበረም። እሳቸው ይህን ሲያደርጉ እኔ ስለ ጨው እቀልድ ነበር።

እንግዲህ አንባቢዎች ሆይ፣ ይህ ነገር ምን ለወጠህ ብትሉኝ፣ ሙያውን ያዝኩ እላችኋለሁ። ጋሽ ሰይፉ ከሰላሌ ሲመለሱ የተሰበረውን ዱካ አይተው፣ ስለ መጥረቢያው ልብስ ከሰው ሰምተው፣ የመጋዘኑን ቁልፍ ያለ ንግግር ሰጡኝ። እርጥብ እንጨት ከዚያ ወዲህ ቸኩዬ ነክቼ አላውቅም። ለሥራ በመጣ ዕቃ መሳቢያ ውስጥ እጄን አልከትም። ያ ጠረጴዛ እግሩ ተጠግኖ ዓመታት ቆመ፤ የሚወስደው ሰው አልመጣም። ማጋነኑን ግን አልተውኩም፤ ይኸው እያያችሁ ነው። እንደሚመስለኝ ማጋነን ሰው አይጎዳም። የሚጎዳው፣ ትንሿን እውነት ለመናገር ጊዜ ሲደርስ ትልቅ አፍ ይዞ መቅረት ነው። እናንተም የምታስቁ ሰዎች ከሆናችሁ፣ ያሳቃችሁበትን ቀን አንዳንዴ መለስ ብላችሁ እዩት።

ጋሽ ላቀው ያን ነግረውኝ ከበሩ ሳይነቃነቁ ቆመው ነበር። ይጠብቁኝ ነበር፤ አሁን ይገባኛል። በሩ ክፍት ነበር፣ ማንም አልነበረም፣ ዘውዱ የለ፣ ሊቀመንበሩ የለ። የሚያስፈራኝ አንድም ነገር አልነበረም። እኔም አፌን ከፍቼ፣ "ዝግባ ነው ጋሽ ላቀው፤ ይህኛው ውሃ አይፈራም" አልኳቸው።

"ደግ" ብለው ሄዱ።

ከዚያ በኋላ አሥራ አንድ ዓመት ኖሩ። ቤታቸው ከሥራ ቤታችን መቶ እርምጃ አይሞላም፤ በየቀኑ ሰላም እንባባል ነበር። ወረቀቱን በኮላ ለቅልቄ የከተትኩት እኔ መሆኔን አንድም ቀን በአፌ አልነገርኳቸውም፤ ይቅርታም አልጠየቅኳቸውም።